ሁለት መስመር በታሸገ ፖስታ

ጥቅምት 9

ለወንድሜ፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል ነው፤ ጤናህን ለመጠየቅ ብዬ ደብዳቤ የምጽፍ ሰው እንዳልሆንኩ ታውቃለህ።

በአውቶቡስ መልእክት የላክኸው ጥያቄ ትናንት ደርሶኛል። መልሱ አዎ ነው። የሜሞሪ ገጽ ማምጫው ኮድ መሃል ላይ ቁጭ ብላ፣ የሚፈለገው ገጽ ሜሞሪ ውስጥ በጠፋ ቁጥር የማሽኑ መልእክት መጻፊያ ኮንሶል ላይ «ገባሁ» ብላ የምትጽፈውን መስመር ያስገባኋት እኔ ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት፣ መሥሪያ ቤቱን ለቅቄ ልወጣ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረኝ። ረስቻት የቀረች እንዳይመስልህ። አውቄ ነው።

እንግዲህ አጥፍተሃታል ማለት ነው። «ይሄ ደግሞ የምን ጩኸት ነው» ብለህ ይሆናል፤ ያንተን ነገር አውቀዋለሁ። ባልደረቦቻችን ፈጣኑ ያሉህ በከንቱ አይደለም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለውን ግን የነገረህ የለም።

ወሬው እኔም ጋ ደርሷል። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚተኙበት ክፍል፣ አሥራ ስድስት አልጋ፣ አንድ ስክሪን። ስክሪኑ ሰባተኛው አልጋ ላይ ያለው ልጅ ኦክስጅኑ ዘጠና ስድስት ነው እያለ አሥራ አንድ ደቂቃ ሲቆይ፣ ልጁ ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር አሉ። የተረፈውም ዋና ነርሷ ስክሪኑን ትታ ልጁን ስላየች ነው። ያ ስክሪን የሚሠራው በእኛ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። የሜሞሪውን ክፍል የጻፍነው ደግሞ እኔና አንተ ነን፤ ሌላ ሦስተኛ ሰው የለበትም። ስለዚህ መስመሯን ዛሬውኑ መልሳት። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ።

ስልክም አትደውል፤ አላነሳም። ኢሜይልማ የድርጅቱ ጠበቆች እንደሚያነቡት የነገርከኝ አንተው ነህ።

እማዬ ደህና ናት። አልጠየቅኸኝም፤ እኔ ጋ እንደምትኖር ረስተህ እንደሆነ ላስታውስህ ብዬ ነው።

እህትህ

ጥቅምት 14

ለእትዬ፣

ሰላምታሽ ከነእሾሁ ደርሶኛል። የኔንም እንደዚያው አድርገሽ ቁጠሪው።

መስመርሽን መልሻት ነበር። ምንም አልፈየደችም። በሦስተኛው ቀን ሌላ ሆስፒታል ውስጥ ስክሪኑ ያንኑ ደገመው፤ አራት ደቂቃ ሙሉ የቆየ ቁጥር አሳየ። እግዜር ሲያድነን ማንም አልተጎዳም። ለምን እንዳልሠራች ለማወቅ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በድሮዎቹ የኮምፒውተር ቦርዶች ላይ ኮንሶል ላይ የሚጽፍ ሁሉ ተራ ይጠብቅ ነበር፤ አንዱ ፕሮሰሰር «ገባሁ» ብሎ እስኪጨርስ ሌላው ቆሞ ያየዋል። መስመርሽ ለካ ወሬኛ ሳትሆን በረኛ ናት። አምና በገባልን አዲሱ ቦርድ ላይ ግን ኮንሶሉ ማንንም አያስጠብቅም፤ ሁሉም እየጻፈ ያልፋል። በረኛሽ በር ላይ ቆማ አንቀላፍታለች።

ከዚህ አንድ ነገር ገባኝ። ስህተቱን ያን ጊዜም ታውቂው ነበር። ግድግዳው መሰንጠቁን አይተሽ ሥዕል ሰቀልሽበትና ቤቱን ለቀሽ ሄድሽ። ለማንም አልነገርሽም፤ ኮዱ ላይም አንዲት ማስታወሻ አልጻፍሽም። ከዚያ እኔ ሥዕሉን ባነሣ ግድግዳውን ያፈረስኩት እኔ ሆንኩ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ!

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ኅዳር 30 ይቀመጣል። የክፍሉ ኃላፊ እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱ የኔ ከተባለ ከዚህ ሙያ ዕድሜ ልኬን እታገዳለሁ። ሌላ የምችለው ሥራ እንደሌለኝ ደግሞ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። መስመሯን ሸሽገሽ የሄድሽው አንቺ መሆንሽን ጽፈሽና ፈርመሽ ላኪልኝ።

እስከዚያ ስክሪኖቹ በአሥራ አንድ ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ ናቸው። ሥራ አስኪያጁ ምክንያቱ ሳይታወቅ አላጠፋም ብሏል። ነርሶቹም ቢሆኑ ሁለት ሆነው አሥራ ስድስት ሕፃን ያለ ስክሪን መጠበቅ አይችሉም። ዋና ነርሷ በትልልቅ ፊደል ወረቀት ጽፋ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጥፋለች፦ «ይህን አትመኑ። ልጁን እዩ።» በሄድኩ ቁጥር መጀመሪያ የማነበው እሱን ነው።

ለእማዬ ሰላም በይልኝ።

ወንድምሽ

ጥቅምት 20

ፈጣኑ፣

አልፈርምም።

«ለማንም አልነገርሽም» ላልከው፣ ለአንተው ነግሬ ነበር፤ አስተካክዬውም ነበር። ሁለት መስመር ብቻ ነች። የግምገማ ወረቀት ሞልቼ ጠረጴዛህ ላይ ያስቀመጥኩት ኃላፊ ሆነህ በተሾምክ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ሹመቱ ለእኔ ይገባ እንደነበር ልንገርህ አልፈልግም፤ እጅህን ይዤ ኮድ ያስጻፍኩህ እኔ መሆኔን ግን አንተም አትክድም። ወረቀቱ በማግስቱ በቀይ እስክሪብቶ ተመለሰልኝ፦ «አያስፈልግም። አንድ ጊዜ ካየን ይበቃል።» ከሥሩ ፊርማህ አለ። እሱ ሳያንስ በሻይ ሰዓት፣ ያቺ መስኮት የሌላት ክፍል ውስጥ፣ ሁሉም ባለበት፣ «እትዬ ሁለቴ እኮ የቤቷንም በር ሁለቴ ነው የምትቆልፈው» ብለህ አሳቅህብኝ። ከዚያ ወዲያ እስክወጣ ድረስ ስሜ ሁለቴ ሆኖ ቀረ። ዘበኛው ሳይቀር።

መድኃኒቱን በፊት ለፊት በር ስትመልሰው፣ በረኛዋን በጓሮ አስገባኋት። ማስታወሻ ለምን እንዳልጻፍኩባት አሁን ይገባህ ይሆናል፤ ብጽፍ ኖሮ እሷንም ታጠፋት ነበር።

በቀይ የጻፍክበት ወረቀት ዛሬም ሻንጣዬ ውስጥ አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሺ፣ እኔ ሞኟ ልሁን።

አሁን በደንብ ስማኝ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ትንሽ ፖስታ ታገኛለህ። አሽጌዋለሁ፤ አፉ ላይም ሰም አንጠባጥቤበታለሁ። ውስጡ ሁለቱ መስመሮች አሉ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ዘንድ ሂድ፤ ኅዳር 30ን መጠበቅ የለብህም፣ ነገ ጠዋት ቢሮው ታገኘዋለህ። «እህቴ አስተካክላው ነበር፤ የከለከልኳት እኔ ነኝ» በለው። ከዚያ ክፈተው። ከዚያ በፊት እንዳትነካው።

እንዴት አመንሺኝ ትል ይሆናል። ቃልህን አላምንም። ኩራትህን ግን አምነዋለሁ፤ ያን ሳትናገር የኔን ፖስታ ከምትከፍት ጣትህን ብትቆርጥ ትመርጣለህ።

እማዬ «ምንድነው እንዲህ የምትጽፊው» አለችኝ። ለወንድሜ ነው አልኳት። ደስ ብሏት ዋለች። ምን ብዬ እንደምጽፍልህ አልነገርኳትም።

እህትህ

ጥቅምት 29

ለእትዬ፣

ፖስታሽ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ ሰሙ እንዳለ ነው። ኩራቴን በማመንሽ አልተሳሳትሽም።

በቀይ ጻፍክበት ስላልሽኝ ወረቀት ብዙ አሰብኩ። አልጻፍኩም አልልሽም፤ አላስታውሰውም። በዚያ ሰሞን በቀን ሃያ ወረቀት ይመጣልኝ ነበር፤ አንዱን ለይቼ የማስታውስበት ምክንያት አልነበረኝም። ይህ ካስከፋሽ ምን ላድርግ፣ እውነቱ ነው። ሰብሳቢው ፊት ቆሜ የማላስታውሰውን ነገር አድርጌያለሁ አልልም።

ደግሞም ምጽዋትሽን አልፈለግኩትም። ራሴ አግኝቼዋለሁ። እንደ ተማሪሽ ላስረዳሽና አርሚኝ፦ አንዱ ፕሮሰሰር የሚፈልገው ገጽ ሜሞሪ ውስጥ ከሌለ ገጽ ማምጫውን ይጠራል። ገጽ ማምጫው መዝገቡን ያያል፣ ቦታው ባዶ ነው። ዲስኩ ቀርፋፋ ስለሆነ፣ ሌላው እንዳይገባ የያዘውን ቁልፍ ይለቅና ገጹን ሊያመጣ ይሄዳል። በዚያች መሃል ሁለተኛው ፕሮሰሰር ያንኑ ገጽ ይፈልጋል፤ እሱም ቦታውን ባዶ ያገኘዋል፣ እሱም ሊያመጣ ይሄዳል። ቀድሞ የደረሰው ገጹን ያስቀምጥና የሕፃኑን ቁጥር ይጽፍበታል። ዘግይቶ የመጣው ደግሞ የራሱን ቅጂ አምጥቶ በዚያ ቦታ ይተካል። ክፋቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እያንዳንዱ ፕሮሰሰር የገጹን አድራሻ በኪሱ ይይዛል። ያ የመጀመሪያው መተካቱን የነገረው የለም፤ ኪሱ ውስጥ ያለውን አድራሻ እያየ በድሮው ገጽ ላይ መጻፉን ይቀጥላል። ስክሪኑ ደግሞ የሚያነበው አዲሱን ነው። አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ያነባል፣ አይገናኙም። ስክሪኑ የሚያሳየን የቆየ ጤና ነው።

በመጀመሪያ ሁሉንም ነገር በአንድ ትልቅ ቁልፍ ዘጋሁት። ስህተቱ ጠፋ፤ ግን የማንቂያው ደወል ዘጠኝ ሰከንድ ዘገየና ዋና ነርሷ ስልክ ደውላ ልክ ልኬን ነገረችኝ። ከዚያ ቁልፉን አጠበብኩት፤ ገጹ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ብቻ አደረግኩት። አሁን ሁለቱ ተራ በተራ እንጂ አብረው አያስቀምጡም። ይኸው ስድስት ቀን ሆነው፤ በአሥራ አንዱም ሆስፒታል አንድ ስህተት የለም። ትናንት ሄጄ የነርሷን ወረቀት በገዛ እጄ ነቀልኩት። «እርግጠኛ ነህ?» አለችኝ። «ነኝ» አልኳት።

ስለ ቁልፌ ምን እንደምትይ ለመስማት ጓጉቻለሁ።

ወንድምሽ

ኅዳር 2

ፈጣኑ፣

ስድስት ቀን! እንኳን ደስ ያለህ።

ስለ ቁልፍህ ምን እንደምል ጠይቀኸኛል። ኃላፊው አንተ ነህ። እኔ የምለው የለኝም።

እማዬ ሰላም ብላሃለች። እኔ አላልኩም።

ኅዳር 8

እትዬ፣

ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ፣ ነርሶቹ ፈረቃ ሲቀያየሩ፣ አሥራ ሁለተኛው አልጋ ላይ የነበረችው ልጅ ሞተች። የዘጠኝ ቀን ልጅ ናት። ስም ገና አላወጡላትም፤ አልጋዋ ላይ የተጻፈው የእናቷ ስም ነው። ስክሪኑ ሃያ ደቂቃ ያህል ደህና ናት እያለ ነበር። ተረኛዋ ነርስ ስክሪኑን አየች፣ ደህና ናት ይላል፣ ሌላ አልጋ ላይ ወደሚያለቅስ ልጅ ሄደች። እሷ ምን ታድርግ? እመኑት ያልኳቸው እኔ ነኝ። ወረቀቱ የተለጠፈበት ቦታ ላይ የማጣበቂያው ምልክት አሁንም አለ።

ከሆስፒታሉ ተመልሼ መሳቢያውን ከፈትኩ። ሰሙ ጠንክሮ ስለነበር በመቀስ ነው ያነሳሁት። ወረቀቱ ላይ ስድብ ይኖራል ብዬ ነበር፤ የለም። ሁለት መስመር ኮድ ብቻ፣ ከጎኑም ባንቺ የእጅ ጽሑፍ፦ «ከዲስክ ስትመለስ ቁልፉን ይዘህ ቦታውን እንደገና እይ። ሌላው ቀድሞህ ከሆነ ያመጣኸውን ጣልና የሱን ተጠቀም።» እንደገና እይ። በቃ ይኸው ነው። አንዴ አንብቤ ገባኝ፤ ማንም ጀማሪ ይገባዋል። ጽፌ ለመጨረስ አራት ደቂቃ ፈጀብኝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አሥራ አንዱም ሆስፒታል ገብቷል።

ፖስታሽ እጄ የገባው ጥቅምት 22 ነው። ልጅቷ የተወለደችው ከዚያ በኋላ ነው፣ በአምስተኛው ቀን። ከመወለዷ በፊት መድኃኒቷ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። እርሳስ ስፈልግ፣ ቻርጀር ስፈልግ መሳቢያውን ስንት ጊዜ ከፍቼ እንደዘጋሁት አላውቅም። በእጄ ወደ ጎን እየገፋሁት ነበር።

በትንሿ ወረቀት ለብቻ የጻፍኩልሽን ጥያቄ ሳትመልሺ እንዳትቀሪ።

ኅዳር 15

ወንድሜ፣

ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ቀደድኩት። ይህ አራተኛው ነው፤ እንዳመጣልኝ እልከዋለሁ።

ለትንሿ ወረቀትህ መልሱ አዎ ነው። ቁልፍህ እንደማይበቃ አይቼ ነበር። የጥቅምት 29ን ደብዳቤህን የአውቶቡስ ጣቢያው መልእክት ክፍል መስኮት ጥግ ቆሜ ነው ያነበብኩት። «ተራ በተራ ያስቀምጣሉ» የሚለው ጋ ስደርስ ቀዳዳው ታየኝ። ተራ መያዝ ብቻውን ምን ያደርጋል? ሁለተኛው ተራውን ጠብቆ ገብቶ ቦታው መያዙን ካላየ ያው ይተካዋል፤ አልሸሹም ዞር አሉ። ስድስቱን ቀን ያቆየህ ቁልፍህ ነገሩን ትንሽ ስላዘገየው ነው፤ እኔም አራት ዓመት የኖርኩት በዚያው ነው። ይህን ሁሉ ለማሰብ አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ከዚያ ነርሷ «እርግጠኛ ነህ?» ያለችህን አነበብኩ።

ሳቅኩ። መስኮቱ ውስጥ ያለው ሠራተኛ የምሥራች መስሎት «እሰይ» አለኝ። ፈጣኑ በራሱ እግር ሄዶ ሊወድቅ ነው ብዬ ደስ አለኝ። የምትወድቀው ማን ላይ እንደሆነ አላሰብኩም። አላሰብኩም ስልህ ራሴን ላድን አይደለም፤ አስቤ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የምታስብ ክፉ ሰው እሆን ነበር።

እንድትደውልልኝ ከለከልኩህ እንጂ እኔን ከመደወል የከለከለኝ አልነበረም። ስልኩ በእጄ ነበር። ሁለት ቃል ነው፤ እንደገና እይ። እሱንም በስልክ አልልህም ብዬ እማዬ ሰላም ብላሃለች ብዬ ጻፍኩልህ።

ይቅር ብዬሃለሁ ብልህ ውሸት ነው። ቀይ እስክሪብቶህ አሁንም ያመኛል፤ የሻይ ክፍሉ ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ልጅቷ ስለሞተች ቂሜ አልሞተም፤ ያሳፈረኝም ይህ ነው። አንተም ይቅር በይኝ እንዳትለኝ፣ እኔም አልልህም።

ለኮሚቴው ጽፌያለሁ፤ ቅጂውን ይኸው። በረኛዋን ሸሽጌ መሄዴን፣ ፖስታውን ማሸጌን፣ ቀዳዳውን አይቼ ዝም ማለቴን ሁሉ አለበት። ያንተንም ወረቀት አያይዤዋለሁ። ላጠቃህ ነው ብለህ ካሰብክ እንደፈለግህ አስብ።

ለእማዬም ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ሳህኗን ይዛ ጓዳ ገብታ ነው የምትበላው። እኔ ስገባ ትወጣለች።

እህትህ

ታኅሣሥ 1

እትዬ፣

ትናንት ተቀመጡ። አምስት ሰዎች ናቸው፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ የማይሠራ ማይክሮፎን፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጠርሙስ ውሃ። ደብዳቤሽን ሰብሳቢው ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። «ሳቅኩ» የሚለው ጋ ሲደርስ አቆመና ወረቀቱን አገላበጠ፤ የተሳሳተ መስሎት ነው። ከዚያ ደግሞ አነበበው።

ቀዩን ወረቀት አሳዩኝ። የኔ እጅ ነው። «አያስፈልግም» ከሚለው ሥር ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። አሁንም አላስታውሰውም፤ አላስታውሰውም ስል ግን አፈርኩ። ታግጃለሁ፤ ዕድሜ ልክ። አልተከራከርኩም። አንቺን በሚመለከት የወሰኑትን ራሳቸው ይጽፉልሻል፤ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከኔ እንድትሰሚው ግን አልፈልግም። ይህቺን እንኳ ልከልክሽ።

የልጅቷ አባት ከኋላ ተቀምጦ ነበር። የሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ከሥራ ስለመጣ ቱታውን አላወለቀም። ሚስቱ መግባት አልችልም ብላ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀርታለች። ሰብሳቢው ጥያቄ ካለህ ጠይቅ አለው። ተነሣ። እጁን ቱታው ላይ ጠረገ።

«ሁለቱን መስመር ለመጻፍ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» አለኝ።

«አራት» አልኩት።

«እሺ። ፖስታውን ለመክፈትስ?»

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አፌን ከፈትኩ። ስለ ኩራቴ ልነግረው ነበር፣ ስላንቺ ልነግረው ነበር፣ ስለ ሻይ ክፍሉ፣ ስለ ሹመቱ። አንዱንም ለዚያ ሰው መናገር አልቻልኩም። እሱ ግን ቆሞ ጠበቀኝ። ሰብሳቢው «ይመልሱ» አለኝ። ሰውዬው የመሣሪያ ቦርሳውን ከወለሉ አነሣና ወጣ።

በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሚስቱ «ምን አለ?» ስትለው ሰማኋት።

«ምንም አላለም» አላት።

ወንድምሽ